መድኃኒቱ ከላብራቶሪው ቀድሞ በደረሰበት አገር፦ የቁስል ታሪክ ከቆረም እስከ መርሳ



ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥሁትን ጥቁር ፌስታል አይታችሁ የተገረማችሁ ትኖራላችሁ። ምሳዬ አይደለም። ለዛሬው ንግግር ካገላበጥኋቸው ሰነዶች ሁሉ ይበልጥ የተማመንሁበት ሰነድ ነው። በውስጡ ታናሽ እህቴ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የተጠቀመችባቸው መድኃኒቶች ባዶ ማሸጊያዎች፣ የመርፌ ብልቃጦችና አንዲት የላብራቶሪ ወረቀት አሉ። እህቴ የምትኖረው በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብላ ነው። ማሸጊያ የማትጥለው የመድኃኒቶቹን ስም ማንበብ ስለማትችል ነው፤ ሐኪም «እስካሁን ምን ወሰድሽ?» ሲላት ፌስታሉን ትከፍትለታለች። ብዙ ዓመት በቤተ መዛግብት አቧራ ውስጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንዲህ በቅደም ተከተል የተቀመጠ መዝገብ የገጠመኝ ግን ከስንት አንዴ ነው።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር ላሳስብ። የአገራችንን ዘመን በዓመተ ምሕረት፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልሁ እጠራለሁ። ጥንቃቄው ያስፈለገበትን ምክንያት ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

ቁስሉ የጀመረው በኮንጎ ጫማ ነው። እህቴ ከገበያ ስትመለስ አንዲት ጠጠር ቀኝ እግሯ ጫማ ውስጥ ገብታ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ አብራት ተጓዘች። እህቴ ምንም አልተሰማትም። ማታ እግሯን ልትታጠብ ጫማዋን ስታወልቅ ነው ደሙን ያየችው። ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር። ከእነዚያ ስድስት ዓመታት ውስጥ ደግሞ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ያሉትን ወራት እዚህ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ በራሳችሁ ላይ ታውቋቸዋላችሁ። ወልድያና መርሳ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። እህቴ የቀራትን ኢንሱሊን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ቀብራ፣ መጠኑን በገዛ ፈቃዷ በግማሽ ቀንሳ፣ በኋላም ቀን እየዘለለች ወጋች። አለቀ። በእነዚያ ወራት በደሟ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደነበረ የለካው ማንም የለም፤ የእግሯ ነርቭ ግን የራሱን መዝገብ ይዟል።

ፌስታሉን ከታች ወደ ላይ ላንብብላችሁ። ከታች ያለው የአሞክሲሲሊን ማሸጊያ ነው። ከአሥሩ ፍሬ ስድስቱን የጎረቤት ልጅ ለጉሮሮው ውጦት የተረፈው አራቱ ለእህቴ ተሰጣት። ሁለቱን ዋጠች፤ ሁለቱን ፈልቅቃ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነሰችው። ቀጥሎ ክሎክሳሲሊን አለ፤ ያለ ማዘዣ የተገዛ፣ ለሦስት ቀን ብቻ፣ ገንዘቧ የበቃው ለዚያ ያህል ስለነበር። ከዚያ በላይ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል በማዘዣ የተሰጡ። ከዚያ ዘጠኝ የሴፍትሪአክሶን ብልቃጦች፤ አሥረኛውን በምትወጋበት ቀን መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከላይ ክላቩላኒክ አሲድ የተጨመረበት አሞክሲሲሊን፣ ከሁሉም በዋጋ የከበደው። በእነዚህ ሁሉ መካከል ቁስሉ ሁለት ጊዜ የጠገገ መስሎ መልሶ አመርቅዟል።

ወረቀቷ የመጣችው በአምስተኛው ወር ላይ ነው። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ፣ ሌላ ከተማ ተልኮ፣ ባክቴሪያው አድጎ ተለየ፤ ክሌብሲየላና ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ሆኖ ተገኘ። በግራ ዐምድ የመድኃኒቶች ስም፣ በቀኝ በኩል «አር» ወይም «ኤስ» የሚል ፊደል ተጽፏል። አር ማለት ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል፤ ኤስ ማለት ይሸነፍለታል። በክሌብሲየላው ረድፍ ከተፈተኑት መካከል ፌስታሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አር ናቸው። ኤስ የተባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ለተጎዳ ኩላሊት የሚያሰጋ፣ ሌላው በዚያ ሳምንት በከተማው ያልተገኘ። የእህቴ ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። የታከመችባቸውን ተቋማት ስም አልጠራም። በየደረጃው ያገኘኋቸው ባለሙያዎች ባዶ እጃቸውን የቻሉትን ያደረጉ ናቸውና።

ይህን ታሪክ ለማን ብነግር የሚመለስልኝ ቃል አንድ ነው፤ «የግንዛቤ ችግር ነው»። ሕዝቡ ያለ ማዘዣ ይገዛል፣ ጀምሮ ያቋርጣል፣ የጎረቤት መድኃኒት ይውጣል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ፌስታሉም ይመሰክራል። ነገር ግን ታሪክን በግንዛቤ ማነስ የሚያስረዳ ሰው ጥያቄውን ገና ሳይጀምር ዘግቶታል። ደግማችሁ ተመልከቱት። ከፌስታሉ ውስጥ ሦስቱ መድኃኒቶች በባለሙያ የታዘዙ ናቸው። አዛዡም እንደ እህቴ ቁስሉ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። በልምድና በመመሪያ ገምቶ አዘዘ። ሕመምተኛዋም ገመተች፣ ጎረቤቷም ገመተ፣ ሐኪሙም ገመተ። ልዩነታቸው የግምታቸው ጥራት ነው። ዛሬ የምከራከርበት ነጥብ ይህ ነው፦ በአገራችን፣ በተለይም እንደ ሐብሩ ባሉ ወረዳዎች፣ መድኃኒቱ የደረሰው ከላብራቶሪው ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ባክቴሪያዎቹ የሠለጠኑበት ትምህርት ቤት ሆነ።

በመጀመሪያ መድኃኒቱ ያልነበረበትን ዘመን እንይ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በከተማዋ ነበሩ፤ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ተመታ። በሦስተኛው ወር፣ የካቲት 25 ቀን፣ ከዚህ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ ቆቦንና አላማጣን አልፎ በቆረም አቅራቢያ የነበረው የእንግሊዝ የአምቡላንስ ጓድ ድንኳኖች በቦምብ ተመቱ። የጓዱ መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ዝርፊያ ጊዜ ተተኩሶባቸው ሞቱ። በቆረም ድንኳኖች የታከመው ቁስል ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የጥይትና የቦምብ ፍንጣሪ፣ ሁለተኛው የሰናፍጭ ጋዝ ቃጠሎ። ለሁለቱም የነበረው መሣሪያ ንጹሕ ውሃ፣ ፋሻ፣ ጸረ ተሕዋስያን ፈሳሽ፣ የሞተውን ሥጋ የሚያነሣ ቢላዋና መጋዝ ነበር። ባክቴሪያን ከሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚገድል መድኃኒት በጓዙ ውስጥ አልነበረም። የመጀመሪያው ሰልፋ፣ ፕሮንቶሲል፣ በጀርመን ይፋ የሆነው ከደሴው ድብደባ አሥር ወር ብቻ ቀደም ብሎ ነበር።

ስለ ቁጥሮቹ ያሳሰብሁት እዚህ ላይ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደን የፔኒሲሊንን ሻጋታ ያየው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ የእኛ አርበኛ በቁስሉ የሞተው በ1928 ዓ.ም.። ተማሪ ሆኜ አንድ ጊዜ ሁለቱን አምታትቼ «ፔኒሲሊን በተገኘበት ዓመት» ብዬ ጽፌ መምህሬ በቀይ ቀለም አስምረውብኛል። ዛሬ ሳስበው ስሕተቴ ሙሉ በሙሉ ሞኝነት አልነበረም። በሁለቱ 1928ዎች መካከል ያለው ርቀት ሰባትና ስምንት ዓመት ሳይሆን፣ አንድ ግኝት ከአንድ ክፍል ተነሥቶ ቆረም ድንኳን እስኪደርስ ያለው ርቀት ነው።

ፔኒሲሊን ለዓለም ሕዝብ የተዳረሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ወደ ገጠራችን ያደረሰው ደግሞ ድሬሰሩ ነው። የዛሬ ተማሪዎች ይህን ቃል ላታውቁት ትችላላችሁ። ድሬሰር በንጉሡ ዘመንና ከዚያም በኋላ በክሊኒክ የሚሠራ ዝቅተኛ የጤና ባለሙያ ነበር፤ ስሙ የተወሰደው ቁስል ከመጥረግና ከማሰር ሥራው ነው። በሐብሩ ያነጋገርኋቸው አንድ አዛውንት ድሬሰር የሥራቸውን መጀመሪያ ሲያስታውሱ ዓይናቸው ይበራ ነበር። ሦስት መርፌ ወግተው የላኩት ሰው በሳምንቱ ማር ይዞ መጥቶ ደጃቸው ላይ ተንበረከከ። «እኔ ምን አደረግሁ፣ መርፌው ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሕመምተኛ ሁሉ መርፌ ካልተወጋ ታከምሁ አይልም አሉ። «ክኒን ብሰጠው ቅር ይለዋል። ውሃም ቢሆን ውጋኝ ይላል።» ምን ምን እንደወጉ ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። ቆይተው፣ «የነበረውን ነዋ» አሉ። «ያለውን ነው የሚወጋው፣ ልጄ። የሚለይበት መነጽር የት ነበረና?»

በዚህ ነጥብ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። የድሬሰሩ መርፌ፣ በኋላም የጤና ጣቢያው እንክብል፣ ከዚያም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለሳንባ ምች የምትሰጠው ሽሮፕ ስንት ሕፃን እንዳተረፈ ካልተናገርን ታሪኩን አጣመምነው። በሐብሩ ቀበሌዎች ዛሬ በሕይወት ያሉ ብዙ ጎልማሶች የዚያ ግምት ልጆች ናቸው፤ እኔም ሳልሆን አልቀርም። መድኃኒቱ ላብራቶሪውን እስኪጠብቅ ከመጋዘን ይቆይ ነበር የሚል ካለ አልስማማም። የምለው ሌላ ነው፤ ላብራቶሪው ተከትሎ መምጣት ነበረበት፤ አልመጣም።

አደጋው ደግሞ ያልታወቀ አልነበረም። በ1940 እ.ኤ.አ.፣ ፔኒሲሊን ገና ለሕመምተኛ በስፋት ሳይሰጥ፣ የኦክስፎርዶቹ አብርሃምና ቼይን ፔኒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም በባክቴሪያ ውስጥ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ መድኃኒቱን በትንሹ የሚወስድ ሰው ተሕዋሲውን ሳይገድል እንደሚያስተምረው አስጠነቀቀ። በ1948 እ.ኤ.አ. በአንድ የለንደን ሆስፒታል ከተለዩት ስታፊሎኮከሶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ፔኒሲሊንን የተቋቋሙ ነበሩ። ይህን ያወቁት ግን እንግሊዞች ከእኛ የበለጠ አስተዋዮች ስለነበሩ አልነበረም፤ ባክቴሪያውን በሳሕን ላይ አሳድገው የሚቆጥሩበት ክፍል ስለነበራቸው ነው።

«እኛስ ቀደም ብለን የምናውቅበት ዕድል ነበረን?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎን ነበረን። ይህ የንግግሬ ዋና ክፍል ነው። የታሪክ ተማሪ ቦሩ ሜዳ ሲባል የ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ነው ትዝ የሚለው። የወሎ ገበሬ ግን ቦሩ ሜዳን በሌላ ነገር ያውቃታል፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙባት ሆስፒታል በመሆኗ። በልጅነቴ ከሰፈራችን ወደዚያ የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ሰው ከእነሱ የሚሸሸው ቁስላቸው ይጋባል ብሎ ነበር፤ ጣታቸውና እግራቸው ከደዌው ራሱ በስብሶ የሚወድቅ ይመስለን ነበር። በሕንድ አገር ቬሎር ይሠራ የነበረው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ይህ እምነት ስሕተት መሆኑን ያሳየው በ20ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ይገድላል፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ሕመም ሲጠፋ ሰውየው እሾህ ወግቶት ይሄዳል፣ ፍም ይዞ አይለቅም፣ ጠጠር በጫማው ይዞ አንድ ሰዓት ተኩል ይጓዛል። ሥጋው የሚያልቀው ጠባቂው ስለሞተ ነው።

ይህን ስሰማ እህቴን ነው ያየሁት። ብራንድ ራሱም በኋላ ወደ አሜሪካ ሄዶ በካርቪል የሥጋ ደዌ ማእከል ሲሠራ ለስኳር ሕሙማን እግር ተመሳሳይ ጥበቃ እንደሚያስፈልግ ተገነዘበ። የቆሰለውን እግር በጄሶ ቅርጽ ይዞ ከጫና ማሳረፍ፣ ለስላሳ ውስጠኛ ያለው ጫማ ማስለመድ፣ በየማታው የውስጥ እግርን ማየት የመሳሰሉት የስኳር እግር ሕክምና ልማዶች በከፊል ከሥጋ ደዌ ክፍል የተወረሱ ናቸው። በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የሚያስተምረው ማእከል፣ አለርት፣ የተቋቋመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የደነዘዘ እግር እውቀት ለእኛ ከውጭ አዲስ የሚመጣ እውቀት አልነበረም። በደጃችን ነበር። ከሥጋ ደዌ ክፍል ወደ ስኳር ክሊኒክ የተሸጋገረው ግን በጣም ጥቂቱ ነው። የማስበው፣ ደዌው የተዋረደ ስለነበር እውቀቱም አብሮ ተገልሏል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ ርካሽ፣ በክኒን የሚሰጥ፣ ለብዙ ዓመታት ብቻውን የታዘዘ። በመላው ዓለም ሕሙማን በዝቅተኛ መጠንና እየተቆራረጠ ወሰዱት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት ፒርሰን ከኢትዮጵያዊ ባልደረባቸውና ከለንደኑ ሪስ ጋር ሆነው መድኃኒቱን የተቋቋመ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እዚህ አገር እንዳለ አረጋገጡ። በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ ከዚያ የከፋውን ነው፤ ዳፕሶን ቀምሰው የማያውቁ አዳዲስ ሕሙማን ከመነሻው በተላመደ ባክቴሪያ መያዛቸውን። በዓለም ላይ ስለዚህ ጉዳይ ከቀረቡት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ የእኛው ነው። እንዲህ ያሉ ግኝቶች ተደማምረው የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. የሥጋ ደዌ በአንድ መድኃኒት ብቻ እንዳይታከም፣ በጥምር መድኃኒቶች እንዲታከም መከረ። ዛሬ ያ ጥምር ሕክምና በሽታውን በእጅጉ ቀንሶታል።

ይህ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ በሳሕን ላይ አያድግም፤ ከሕመምተኛው ተወስዶ በአይጥ የኋላ እግር መዳፍ ውስጥ ተከትቦ ወራት ይጠበቃል። ከማናቸውም የባክቴሪያ ምርመራ አድካሚው ነው። አድካሚው ተችሎ ሳለ ቀላሉ ቀረ። የስታፊሎኮከስን ወይም የክሌብሲየላን ጠባይ ለማወቅ በቂው የአጋር ሳሕን፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማሞቂያ ሣጥን፣ መድኃኒት የነካች ክብ ወረቀትና ሁለት ሦስት ቀን ነው። በወረቀቷ ዙሪያ ባክቴሪያ የሌለበት ቀለበት ከታየ መድኃኒቱ ይሠራል። ይህ ዘዴ በዓለም ደረጃ የተስተካከለው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው፤ አለርት በተቋቋመ ማግሥት ማለት ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የመድኃኒት መላመድን ብሔራዊ ክትትል በጥቂት ጣቢያዎች የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። መሐል ያለውን ግማሽ ምዕት ዓመት ተማሪዎቼ እንዲያሰሉት ለእነሱ ትቻለሁ።

ስለ «መላመድ» ቃሉ ራሱ አንድ ነገር ላንሳ፤ ቋንቋችን እዚህ ላይ ያሳስተናል ብዬ አምናለሁ። ሰዎች «ሰውነቴ መድኃኒቱን ተላመደው» ይላሉ። ስለዚህ መድኃኒቱ የማይሠራው ለእነሱ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ጉዳዩ የግል ዕጣ ይሆናል። የተላመደው ግን ባክቴሪያው ነው። እሱም ችሎታውን ለልጆቹ ብቻ አያወርስም፤ የመቋቋሚያውን ዘር ፕላስሚድ በምትባል ትንሽ ቀለበት ቋጥሮ ለጎረቤት ባክቴሪያ፣ ለሌላ ዝርያ ጭምር ያቀብላል። የጎረቤት ልጅ ለጉሮሮው የዋጠው እንክብልና የእህቴ እግር የተያያዙት በተረፉት አራት ፍሬዎች ብቻ ላይሆን ይችላል።

ስኳር በዚህ ሁሉ ላይ ምን ጨመረ? ሐኪሞች ስላሉ አላስረዝምም። የስኳር ሕመም ነርቭን ያደነዝዛል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የነጭ ደም ሕዋሳትን ኃይል ያዳክማል። ስለዚህ የሚዋጠውም የሚወጋውም መድኃኒት ደም በማይደርስበት ጣት ላይ በበቂ መጠን አይደርስም፤ ፍሌሚንግ የፈራው ጎዶሎ መጠን ሕመምተኛው ሳያቋርጥ እንኳን እዚያች ጣት ላይ ይፈጠራል። ባክቴሪያዎቹም በቁስሉ ላይ ሙጫ መሰል ሽፋን ሠርተው ይሸሸጋሉ። በዓለም አቀፍ ግምት ከአምስት የስኳር ሕሙማን አንዱ፣ እንዲያውም እስከ ሦስት አንዱ በሕይወት ዘመኑ የእግር ቁስል ይገጥመዋል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበር በተመሠረተበት በ1976 ዓ.ም. ስኳር በሰሜን ወሎ ገጠር እንደ ከተማ ሰው በሽታ ይታይ ነበር።

በዚያው ጊዜ አካባቢ ግን ሌላ ነገር እየተዘራ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ቅስሟ በተሰበረችው ራያ ቆቦ፣ በጽንስነታቸውና በሕፃንነታቸው ረሃቡ ያገኛቸውን ጎልማሶች ካልደረሰባቸው እኩዮቻቸው ጋር ያነጻጸሩ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች፣ በጽንስ የተራቡት ላይ ከስኳርና ከልብ ሕመም ጋር የተያያዙ ምልክቶች በርክተው አግኝተዋል። በኔዘርላንድስ የ1944ቱ እ.ኤ.አ. ክረምት ረሃብ የተጠኑትም ወደዚያው ያመለክታሉ። እህቴ የተወለደችው ጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። እናታችን ያረገዘቻት በ1965ቱ የወሎ ረሃብ ውስጥ ነው። ይህን ብዬ አንድን ሰው ሕመም ከአንድ ረሃብ ጋር በክር አላስርም፤ ለሕዝብ የተገኘ ግንኙነት ለግለሰብ ማስረጃ አይሆንም፤ ተማሪዬ እንዲህ ቢጽፍልኝ አስተካክል እለዋለሁ። ግን ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ።

ጦርነቱም ቁስሉን ወደ አንድ ክፍል ሰበሰበ። በጥይት የቆሰለና በስኳር የቆሰለ በአንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ በአንድ ጋሪ የሚመጣ ፋሻ፣ ውሃ ጠፍቶ ያልታጠበ እጅ፣ በጅምላ የሚሰጥ ሴፍትሪአክሶን ይጋራሉ። ከኢራቅ ጦርነት ጀምሮ ሐኪሞች በውጊያ ቁስሎች ላይ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንደሚበዙ ጽፈዋል። ቆረም ላይ በ1928 ዓ.ም. የነበረው ቁስልና የእህቴ ቁስል መድኃኒት አልባ በመሆን ሊመሳሰሉ ምን ቀራቸው? አንዱ ገና ያልመጣለት፣ ሌላው መጥቶ ያለቀበት። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደሞቱ ይገመታል።

ያለ ማዘዣ መሸጥን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይከለክላል። ደግ አዋጅ ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚቆጣጠረው የመድኃኒቱን በር ነው፤ ማዘዣ የሚጽፈው ሰው በጨለማ የሚጽፍ ከሆነ ሕጋዊ ግምት ከሕገ ወጥ ግምት በባክቴሪያው ዘንድ ልዩነቱ ጠባብ ነው። መርሳ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከመርሳ የተነሣ ናሙና ተመርምሮ መልሱ በሦስተኛው ቀን ወደ አዛዡ የሚመለስበት መንገድ ቢኖር፣ ፌስታሌ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ማሸጊያ ብቻ ይኖር ነበር ብዬ እገምታለሁ። ይህም ግምት ነው፤ ግን የታሪክ ሰው ግምት ነውና ማንንም አይገድልም።

እህቴ ከሆስፒታል በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ልጠይቃት ሄድሁ። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ «አብሽሪ» አልኋት። «ጋሼ፣ አንተ አብሽር፤ እኔስ የቀረኝን እግር ልጠብቅበት» አለችኝ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ አንድ የቆየ መማሪያ ነበረኝ፤ ሥዕሉን ወልድያ ላሉ አንድ ጫማ ሰፊ ወሰድሁላቸው። ከታች የመኪና ጎማ፣ ከላይ ለስላሳ ስፖንጅ፣ ጣት የማይነካ ሰፊ አፍ። ጫማ ሰፊው ሥዕሉን አገላብጠው አይተው «ይህማ በረባሶ ነው፣ ትራስ ያለው በረባሶ» አሉ፤ ሠሩትም። እህቴ ማታ ማታ ልጇ መስታወት ይዞላት የግራ እግሯን ውስጥ ታያለች፤ ጫማውን ከማጥለቋ በፊትም ገልብጣ ታራግፈዋለች።

ወረቀቷንና ማሸጊያዎቹን ከንግግሩ በኋላ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ፌስታል ያላችሁ ተማሪዎች ብትኖሩ፣ አትጣሉት፤ ቀኑን ጽፋችሁ አምጡልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።